የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከደፍ በታች የቀረ ውሃ ጅረቱ እንዴት ይለካል?

ባለፈው እትም የሜዲትራኒያን ባሕር ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋር በጊብራልታር ወሽመጥ በኩል ውሃ እንደሚለዋወጥ፣ ቀላሉ ውሃ ከላይ ሲገባ ጨዋማውና ከባዱ ከሥር እንደሚወጣ በአጭሩ ጽፈን ነበር። ከዚያ በኋላ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ወደ አንድ ጥያቄ ያመራሉ፤ በወሽመጡ የሚያልፈው ውሃስ ይታወቅ፣ ከወሽመጡ ወለል በታች በሁለትና በሦስት ሺህ ሜትር ጥልቀት የተኛው ውሃ መንቀሳቀሱ በምን ይታወቃል? ከደብዳቤዎቹ ስድስቱን መርጠን መልሰናል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ የባሕር ጅረትን የሚነዳው ነፋስ ነው ብዬ አስተምራለሁ። ዙሪያውን በየብስ የታጠረ ባሕር፣ ነፋስ የማይደርስበት የታችኛው ውሃው በምን ኃይል ይንቀሳቀሳል? ደግሞስ ሳተላይት የባሕርን ጅረት ከጠፈር ሆኖ ይለካል እየተባለ ለጥልቁ ውሃ ሌላ መሣሪያ ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ መምህር፣ የሚያስተምሩት ትክክል ነው፤ ነገር ግን በአብዛኛው የሚመለከተው የላይኛውን ጥቂት መቶ ሜትር ነው። ለታችኛው ውሃ ዋናው ገፊ ኃይል የክብደት ልዩነት ነው። ይህን ለመረዳት መጀመሪያ ደፉን ማየት ያስፈልጋል። የቤት ደፍ የደጁን ጎርፍ እንደሚያግድ ሁሉ፣ ባሕሩን ከውቅያኖስ ጋር በሚያገናኘው ወሽመጥ ወለል ላይ ያለው ከፍታም ከእርሱ በታች ያለው ውሃ ወዲያና ወዲህ እንዳይተላለፍ ይከለክላል። የጊብራልታር ወሽመጥ በጠባቡ ቦታ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ ደፉ ያለበት ጥልቀት 300 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከደፉ በስተ ምሥራቅ ያለው የሜዲትራኒያን ባሕር ግን በአማካይ 1,500 ሜትር ይጠልቃል፤ በአዮንያን ባሕር ውስጥ ያለው ጥልቁ ስፍራ ደግሞ ከ5,000 ሜትር ያልፋል። ቀይ ባሕርም እንዲሁ ነው፤ መካከሉ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚወርድ ሲሆን፣ ከባብ ኤል መንደብ በስተ ሰሜን በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ ያለው ደፉ ጥልቀት ከ140 ሜትር ያነሰ ነው።

እንግዲህ የታችኛው ውሃ አፉ ጠባብ በሆነ እንስራ ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል። የተቀመጠ ይምሰል እንጂ የረጋ አይደለም፤ እንስራው በየጊዜው ከላይ ይሞላልና። በደቡብ ፈረንሳይ ጠረፍ ባለው የልዮን ባሕረ ሰላጤ በክረምት ወራት ቀዝቃዛና ደረቅ ነፋስ ከየብስ ይነፍሳል፤ ነፋሱም የላይኛውን ውሃ ያቀዘቅዘዋል፣ በትነትም ጨዋማነቱን ከፍ ያደርገዋል። የቀዘቀዘና የጨው መጠኑ የጨመረ ውሃ እፍግታው ከሥሩ ካለው ውሃ ሲበልጥ ይሰምጣል፤ ብርቱ በሆኑ ክረምቶች ከ2,000 ሜትር በላይ ወርዶ ወለሉን ይነካል። በሰመጠበት ቦታ የነበረው አሮጌ ውሃ ወደ ጎንና ወደ ላይ መገፋት ስላለበት፣ ከታች ጅረት የሚፈጠረው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ነፋሱ በጥልቁ ውሃ ላይም እጁ አለበት፤ ልዩነቱ ውሃውን በቀጥታ ከመግፋት ይልቅ በማክበድ መሥራቱ ነው።

በቀይ ባሕር ይኸው ሂደት የሚከናወነው በሰሜኑ ጫፍ ነው። ውጤቱም ብዙዎችን ያስገርማል፤ በክፍት ውቅያኖስ በ2,000 ሜትር ጥልቀት የውሃው ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ በቀይ ባሕር በዚያው ጥልቀት 21 ዲግሪ ተኩል ያህል ነው፤ በአንድ ኪሎ ግራም ውሃ ውስጥ የሚገኘው ጨውም ከ40 ግራም ይበልጣል። ደፉ የውቅያኖሱን ቀዝቃዛ ውሃ ባያግደው ኖሮ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር። የባልቲክ ባሕር ሁኔታ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ላይኛው ውሃ በወንዞች ምክንያት ጨዋማነቱ አነስተኛ ሲሆን፣ ጥልቆቹ ስፍራዎች የሚታደሱት ብርቱ የምዕራብ ነፋስ ሲመጣና ከሰሜን ባሕር የሚገፋው ጨዋማ ውሃ 18 ሜትር ብቻ የሚጠልቀውን ደፍ ተሻግሮ ሲፈስ ነው። እንዲህ ያለው ታላቅ ፍሰት በ1993፣ በ2003 እና በ2014 ታይቷል፤ በመካከሉ ጥልቁ ውሃ ለዓመታት ይጠብቃል ማለት ነው።

ስለ ሳተላይቱ መልሱ አጭር ነው። ሳተላይት የሚለካው የባሕሩን ገጽ ከፍታ ሲሆን፣ ከገጹ ዘንበል ማለት የላይኛው ጅረት ይሰላል። የራዳር ሞገድ ግን ጨዋማ ውሃ ውስጥ ጥቂት እንኳን ሳይገባ ይከስማል። በባሕር ውስጥ ሩቅ የሚጓዘው ድምፅ ብቻ በመሆኑ፣ ለጥልቁ ያለን ምርጫ መሣሪያውን ራሱን ማውረድ፣ በድምፅ መጠቀም፣ ወይም ከውሃው ሙቀትና ጨዋማነት ተነሥቶ ጅረቱን ማስላት ነው።

ጥያቄ፦ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። የጅረት መለኪያውን ከመርከብ በገመድ አውርዶ ማንበብ አይበቃም? መሣሪያውን ባሕር ውስጥ ትቶ መሄድ፣ ኋላም ፈልጎ ማግኘት ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ሰዎች የጀመሩት እርስዎ ባሉት መንገድ ነው። ጣሊያናዊው ሉዊጂ ፈርዲናንዶ ማርሲሊ በ1679 ቁስጥንጥንያ ሳለ፣ በቦስፎረስ ወሽመጥ የላይኛው ውሃ ከጥቁር ባሕር ሲመጣ ከሥር ግን ወደ ኋላ የሚመለስ ጅረት እንዳለ ከአካባቢው ዓሣ አጥማጆች ሰማ። ነጭ ቀለም የተቀባ ቡሽ በየርቀቱ የታሰረበትን ባለ ክብደት ገመድ ከጀልባ አውርዶ ቡሾቹ ከላይ ወደ አንድ ወገን፣ ከሥር ወደ ሌላው ወገን ሲያዘነብሉ ተመለከተ። ይህም አልበቃው ብሎ፣ መካከሉ በግድግዳ የተከፈለ ሳጥን ሠርቶ፣ በአንዱ ወገን ጨዋማ በሌላው ወገን ቀላል ውሃ ሞልቶ፣ ግድግዳው ላይ ከላይና ከታች ቀዳዳ ሲከፍት ሁለቱ ውሃዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲተላለፉ አሳየ። ስለ ከፊል ዝግ ባሕር፣ ማለትም በየብስ ታጥሮ በወሽመጥ ብቻ ከውጭ ስለሚገናኝ ባሕር፣ ዛሬ የምናውቀው ነገር ሥሩ ያለው በዚያ ሳጥን ውስጥ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስዊድናዊው ቫግን ቫልፍሪድ ኤክማን የሠራው መሣሪያ ደግሞ፣ በእኛ አስተያየት፣ ከዛሬዎቹ ሁሉ ይልቅ የሚያምር ነው። ውሃው ፕሮፔለር ያሽከረክራል፤ ፕሮፔለሩ የተወሰነ ዙር በዞረ ቁጥር አንዲት ትንሽ የብረት ኳስ ትለቀቃለች፤ ኳሷ በኮምፓስ መርፌ ላይ በተቀረጸው ቦይ ተንከባልላ በ36 ክፍል ከተከፈለ ሣጥን ውስጥ በአንዱ ትወድቃለች። እያንዳንዱ ክፍል የ10 ዲግሪ አቅጣጫን ይወክላል። መሣሪያው የሚከፈተውም የሚዘጋውም ከመርከቡ በገመዱ ላይ በሚለቀቅ ክብደት ነበር። ወደ ላይ ከተሳበ በኋላ የዙሩ ብዛት ፍጥነቱን፣ ኳሶቹ የተቀመጡባቸው ክፍሎች ደግሞ አቅጣጫውን ይናገራሉ።

ችግሩ ያለው በመሣሪያው ላይ ሳይሆን በመርከቡ ላይ ነው። በከፊል ዝግ ባሕር ወለል አጠገብ ያለው ጅረት ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። መርከብ መልሕቋን ብትጥል እንኳን ነፋስ ወዲያና ወዲህ ሲወስዳት በሰከንድ 10 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር መንቀሳቀሷ የተለመደ ነው። ከእርሷ የተንጠለጠለው መለኪያም የሚያነበው የውሃውንና የመርከቧን እንቅስቃሴ ደባልቆ ሲሆን፣ ከሁለቱ ትልቁ የመርከቧ ነው። በዚያ ላይ መርከብ በአንድ ቦታ ለሳምንታት መቆም አትችልም። ስለዚህ መለኪያው ከመርከቧ ተለይቶ ከወለሉ ጋር መታሰር አለበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከታች ከባድ መልሕቅ አለ፤ ብዙ ጊዜ አሮጌ የባቡር ጎማ ነው፤ አይመለስምና ርካሽ መሆን አለበት። ከመልሕቁ በላይ በድምፅ ትእዛዝ የሚከፈት መልቀቂያ፣ ከእርሱም በላይ ቀጭን ጠንካራ ገመድ ይቀጥላል፤ በገመዱ ላይ በተመረጡ ጥልቀቶች መለኪያዎቹ ይታሰራሉ። ገመዱን ቀጥ አድርገው የሚይዙት በፕላስቲክ ሽፋን የተከደኑ ወፍራም የመስታወት ኳሶች ናቸው። እያንዳንዱ ኳስ 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው ወደ 25 ኪሎ ግራም የሚሆን ክብደት ማንሳት ይችላል። በ3,000 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ በባሕር ገጽ ላይ ካለው የአየር ግፊት 300 እጥፍ ያህል በመሆኑ፣ ተራ ተንሳፋፊ እዚያ ይጨፈለቃል፤ መስታወት ግን ግፊቱ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ሲጫነው እጅግ ጠንካራ ነው። የላይኛው ኳስ ራሱ ከገጹ በብዙ ሜትሮች ዝቅ ብሎ እንዲቀር ይደረጋል፤ ማዕበል እንዳይነቀንቀው፣ የዓሣ ማጥመጃ መረብና የመርከብ አካልም እንዳይነካው ነው።

ሲጣል የላይኛው ጫፍ ቀድሞ ውሃ ላይ ይዘረጋል፤ መልሕቁ በመጨረሻ ይለቀቃል፤ ሁሉንም እየጎተተ ይወርዳል። ከዓመት በኋላ መርከቧ ተመልሳ የተወሰነ የድምፅ ምልክት ትልካለች፤ መልቀቂያው ይመልስላታል፤ ሁለተኛው ትእዛዝ ሲደርሰው መንጠቆውን ይከፍታል። ከዚያ የሚቀረው መርከቧ ላይ ቆሞ ቢጫዎቹን ኳሶች በዓይን መፈለግ ነው፤ ከ2,500 ሜትር ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሚፈጅባቸው ያ ግማሽ ሰዓት ለባለሙያዎቹ ረጅም ነው።

ተማሪ ስለሆኑ አንድ ነገር እንጨምርልዎ። በ1960ዎቹ ኖርዌያዊው ኢቫር ኦንደሮ የሠራው በራሱ የሚመዘግብ መለኪያ ለብዙ ዓመታት በየባሕሩ አገልግሏል። ፍጥነቱን የሚለካው በሚሽከረከር ሮተር ስለነበር፣ ውሃው በሰከንድ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ በታች ሲዘገይ ሮተሩ ይቆማል። በጥልቅ ባሕር የተሰበሰቡ የዚያን ዘመን መዝገቦች ውስጥ ተከታታይ ዜሮዎች ሲያዩ፣ ውሃው ቆሞ ነበር ብለው አይደምድሙ፤ የቆመው ሮተሩ ነው። ዜሮዎቹን እንዳሉ ወስዶ አማካይ ያወጣ ሰው ፍጥነቱን ያሳንሳል፤ ዜሮዎቹን የጣለ ሰው ደግሞ ያበዛል። ትክክለኛው መንገድ ከመነሻ ፍጥነቱ በታች የተመዘገበው ምን ያህል ድርሻ እንደሆነ ከአማካዩ ጎን መጻፍ ነው።

ጥያቄ፦ ዛሬ በሮተር ፋንታ ድምፅ የሚተኩስ መሣሪያ አለ ይባላል። ውሃ ግልጽ ነገር ነው፤ ድምፁ ከምን ላይ ነጥሮ ይመለሳል? መሣሪያው አንድ ብቻ ቢሆን የባሕሩን ጥልቅ ገንዳ ሁሉ ይበቃዋል?

መልስ፦ ድምፁ የሚመለሰው ከውሃው ሳይሆን በውሃው ውስጥ ካሉ ጥቃቅን እንስሳትና የደለል ብናኞች ነው። እነዚህ ከውሃው ጋር አብረው ስለሚጓዙ፣ ከእነርሱ የሚመለሰው የገደል ማሚቶ ድግግሞሹ ትንሽ ይለወጣል፤ ወደ መሣሪያው ሲመጡ ከፍ፣ ሲርቁ ዝቅ ይላል። ይህ የዶፕለር ክስተት የሚባለው ነው። የለውጡን ትንሽነት በቁጥር እንየው። ድምፅ በባሕር ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል። መሣሪያው በ75 ኪሎ ኸርዝ ቢተኩስና ብናኞቹ በተኩሱ መስመር ላይ በሰከንድ 5 ሴንቲ ሜትር ቢቀርቡት፣ የድግግሞሹ ለውጥ 5 ኸርዝ ብቻ ነው፤ ከ75,000 ላይ 5 ማለት ነው። በአንድ ተኩስ ይህን ለይቶ ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ መሣሪያው በመቶዎች የሚቆጠሩ ተኩሶችን አማካይ ያወጣል። ሦስት ወይም አራት ጨረር በተለያየ አቅጣጫ ዘንበል አድርጎ የሚልከውም ከእያንዳንዱ የሚገኘውን የፍጥነት ክፍል ገጣጥሞ ሙሉውን አቅጣጫ ለማግኘት ነው።

የመሣሪያው ታላቅ ጥቅም ማሚቶው በሚመለስበት ጊዜ ርቀቱን ለይቶ፣ በአንድ ቦታ ሆኖ የብዙ ጥልቀቶችን ፍጥነት በአንድ ጊዜ መስጠቱ ነው። ዝቅተኛ ድግግሞሽ ሩቅ ይደርሳል፤ 75 ኪሎ ኸርዝ ብዙ መቶ ሜትር፣ 300 ኪሎ ኸርዝ 100 ሜትር ያህል ይሸፍናል። ይሁን እንጂ ይህ የሚሆነው ብናኝ ካለ ነው። የሜዲትራኒያን ጥልቅ ውሃ እጅግ የጠራ በመሆኑ የሚመለሰው ማሚቶ ይደክማል፤ በመመሪያው ላይ የተጻፈው ርቀትም በእጅጉ ያንሳል። በዚህ ምክንያት በጥልቁ ገመድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታሰሩት፣ ከራሳቸው አጠገብ ያለውን አንድ ወይም ሁለት ሜትር ውሃ ብቻ የሚለኩ ትንንሽ የድምፅ መለኪያዎች ናቸው።

ሁለተኛው ጉድለት ለወለሉ አስፈላጊ ስለሆነ ልብ ይበሉት። ወደ ታች የሚተኩስ መሣሪያ ጨረሩ ከቀጥታው መስመር 20 ዲግሪ ሲያዘነብል፣ ከዋናው ጨረር ጎን የሚያፈተልክ ደካማ ድምፅ በቀጥታ ወርዶ ወለሉን ይመታና ቀድሞ ይመለሳል። የወለሉ ማሚቶ ብርቱ ስለሆነ የብናኞቹን ድምፅ ይውጠዋል፤ በዚህም ወደ ወለሉ ካለው ርቀት የመጨረሻው 6 በመቶ አይነበብም። መሣሪያው ከወለሉ 500 ሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥ የሚጠፋው 30 ሜትር ነው። አዲስ የሰመጠ ከባድ ውሃ ወለሉን ተጠግቶ በስስ ንጣፍ የሚሄድ ከሆነ፣ የምንፈልገው ጅረት ያለው በዚያ በጠፋው 30 ሜትር ውስጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከታች ለብቻው የሚቆም መለኪያ መጨመር ግድ ነው።

ስለ ኮምፓሱም አንድ ቃል እንበል። የፍጥነቱ ትክክለኛነት ብዙ ሲወራለት አቅጣጫው ይረሳል። ኮምፓሱ ያለው በባትሪው አጠገብ ነው፤ የባትሪው የብረት ሽፋን ደግሞ መርፌውን ይስባል። አሮጌውን ባትሪ አውጥቶ አዲስ ያስገባ ሰው መሣሪያውን በሁሉም አቅጣጫ አዙሮ ኮምፓሱን እንደገና ካላስተካከለ፣ ለአንድ ዓመት ሙሉ በ10 ወይም በ15 ዲግሪ የተጣመመ መዝገብ ይዞ ይመለሳል። ገደል ተጠግቶ የሚሄድ ጅረት በመዝገቡ ላይ ወደ ገደሉ ውስጥ የሚገባ ሆኖ ከታየ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኮምፓሱ ነው።

አንድ መሣሪያ ለገንዳው ሁሉ ይበቃል ወይ ላሉት፣ አይበቃም። ጥልቁ ጅረት የወለሉን ቅርጽ ተከትሎ በተዳፋቱ ጠርዝ ይጠብባል፤ በመካከሉ ደግሞ አስር ኪሎ ሜትሮች የሚሰፉ አዙሪቶች ይዞራሉ። በጠርዙ ላይ የቆመ ገመድና በመካከሉ የቆመ ገመድ የሁለት የተለያዩ ባሕሮች ያህል ልዩነት ሊያሳዩ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ስለ አንድ ቦታ ጥልቅ ጅረት ሁለት ዘገባዎች አነበብሁ። አንደኛው አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 6 ሴንቲ ሜትር ነው ሲል፣ ሁለተኛው ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ነው ይላል። መሣሪያውም ዘመኑም አንድ ነው። የትኛው ተሳሳተ?

መልስ፦ ምናልባት አንዳቸውም አልተሳሳቱ። ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ ወደ ነገሩ ልብ የገባው ይህ ስለሆነ ዘርዘር አድርገን እንመልሳለን።

ውሃው ግማሽ ቀን በሰከንድ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ሰሜን፣ ግማሽ ቀን በዚያው ፍጥነት ወደ ደቡብ ቢሄድ፣ አቅጣጫውን ትተን ፍጥነቱን ብቻ አማካይ ስናወጣ 6 ይሆናል፤ አቅጣጫውን ይዘን አማካይ ስናወጣ ግን ዜሮ ነው። የመጀመሪያው ውሃው ምን ያህል እንደሚናወጥ፣ ሁለተኛው ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል። ደለል ይነሳል ወይ፣ በወለሉ ላይ የተዘረጋ ገመድ ይንቀጠቀጣል ወይ ለሚል ጥያቄ የመጀመሪያው ያስፈልጋል፤ ኦክስጅን ከየት ወዴት ይደርሳል ለሚል ደግሞ ሁለተኛው። ዘገባው የትኛውን እንዳሰላ ካልጻፈ ግን ጉድለቱ የዘገባው ነው።

ይህ በጥልቅ ባሕር የታሰበ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ምድር ስለምትሽከረከር፣ አንድ ጊዜ የተገፋ ውሃ በክብ መንገድ ይዞራል። የአንዱ ዙር ጊዜ 12 ሰዓት ለኬክሮሱ ሳይን ተካፍሎ ይገኛል፤ በ42 ዲግሪ 18 ሰዓት ያህል፣ በ20 ዲግሪ ደግሞ 35 ሰዓት ነው። በልዮን ባሕረ ሰላጤ ኬክሮስ በሰከንድ 5 ሴንቲ ሜትር የሚዞር ውሃ በ18 ሰዓት ውስጥ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ሬዲየስ ያለው ክብ ሠርቶ ከተነሣበት ቦታ ይገኛል። አንድ ሰው መለኪያውን ለስድስት ሰዓት ብቻ አውርዶ ቢያነብ የክቡን ሲሶ አይቶ፣ ጥሩ ቀጥ ያለ ጅረት አገኘሁ ብሎ ይመለሳል። በዚህ ላይ የባሕር ሙላትና ጉድለት፣ ለሳምንታት የሚያልፉ አዙሪቶች፣ የክረምቱ ስምጠት ይደመራሉ።

ታዲያ ምን ያህል ጊዜ ይበቃል? ቀላል ስሌት እንሥራ። እውነተኛው አማካይ በሰከንድ 1 ሴንቲ ሜትር፣ በዙሪያው ያለው መዋዠቅ 5 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ጅረቱ ያለፈ ጠባዩን ለመርሳትም 10 ቀን ይፍጅበት። በአንድ ዓመት ውስጥ እርስ በርሳቸው የማይደጋገሙ 36 ያህል ምልከታዎች ይኖሩናል። የአማካዩ ስሕተት መዋዠቁን ለ36 ስኩዌር ሩት በማካፈል ይገኛል፤ 5 ለ6 ሲካፈል 0.8 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ የአንድ ዓመት ልፋት የሰጠን መልስ 1 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.8 ነው፤ አቅጣጫውን እንኳን በሙሉ ልብ መናገር አያስችልም። ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ አራት ዓመት ያስፈልጋል። መሣሪያው በየአሥር ደቂቃው መመዝገቡ፣ በመዝገቡም ውስጥ ከ50,000 በላይ ቁጥሮች መኖራቸው ይህን አይለውጠውም፤ ቁጥሮቹ ብዙ ናቸው እንጂ ዜናው አንድ ነው።

ከዚህም ሌላ ገመዱ ራሱ ያታልላል። ጅረት ሲበረታ ገመዱ እንደ ሸምበቆ ያዘነብላል፤ 1,000 ሜትር ላይ ያለ መለኪያ 1,050 ላይ ይገኛል። የግፊት መለኪያ አብሮ ካልታሰረ፣ ጅረቱ ከፍ ባለ ጊዜ ሁሉ የምናነበው ከሌላ ጥልቀት መሆኑ አይታወቅም። ይህን መዘንበል በጥቅም ላይ ያዋሉትም አሉ። ከቱሎን ጠረፍ ወዲያ በ2,475 ሜትር ጥልቀት የቆመው አንታሬስ የተባለው የኒውትሪኖ ቴሌስኮፕ ረጃጅም መስመሮቹ በጅረት ስለሚወዛወዙ የብርሃን መመልከቻዎቹን ቦታ ያለማቋረጥ በድምፅ ይለካ ነበር። በ2009 እና በ2010 የጸደይ ወራት መመልከቻዎቹ ከተለመደው እጅግ የበዛ ብርሃን መዘገቡ፤ የብርሃኑ ምንጭ በጥልቁ የሚኖሩ ብርሃን አመንጪ ፍጥረታት ነበሩ፤ ወቅቱም በክረምቱ የሰመጠው አዲስ ውሃ ወደ ሥፍራው ደርሶ ጅረቱን ካበረታበት ጊዜ ጋር ገጠመ። ከጠፈር የሚመጣ ቅንጣት ለማየት የተሠራ መሣሪያ የጥልቅ ውሃን መታደስ ለመመልከት ዋለ።

ጥያቄ፦ መልሕቅ ላይ ከማሰር ይልቅ ከውሃው ጋር የሚሄድ ነገር ለቅቆ መከታተል አይሻልም? በመጨረሻስ ልኬቱ ትክክል መሆኑ በምን ይረጋገጣል?

መልስ፦ እንግሊዛዊው ጆን ስዋሎ በ1955 ይህንኑ አድርጎታል። የአሉሚኒየም ቱቦ በግፊት የሚጨመቀው ከባሕር ውሃ ባነሰ መጠን ነው፤ ስለዚህ በትክክል ከተመዘነ፣ እየሰመጠ ሄዶ እፍግታው ከውሃው ጋር እኩል በሚሆንበት ጥልቀት ይቆምና ከጅረቱ ጋር ይጓዛል፤ መርከቧ የሚያሰማውን ድምፅ እየተከተለች መንገዱን ትመዘግባለች። የዛሬዎቹ የአርጎ ተንሳፋፊዎች የዚህ ልጆች ናቸው። በክፍት ውቅያኖስ በ1,000 ሜትር ጥልቀት ተንሳፍፈው በየአሥር ቀኑ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ በሜዲትራኒያን ግን ብዙዎቹ በ350 ሜትር እንዲቆዩ ይደረጋል። ተንሳፋፊ ብዙ ቦታ ያሳያል፤ ነገር ግን በጠባብ ገንዳ ውስጥ ተዳፋት ላይ ይወድቃል፣ በአንድ አዙሪት ተይዞም ወራት ይፈጃል። ስለዚህ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ስለ ማረጋገጫው ከፊል ዝግ ባሕር ክፍት ውቅያኖስ የሌለው ጸጋ አለው፤ በሩ አንድ ስለሆነ ሒሳቡ ሊዘጋ ይችላል። ዴንማርካዊው ማርቲን ክኑድሰን በ1900 ያስቀመጠው ስሌት በሁለት ነገሮች ይቆማል፤ የሚገባው ጨው ከሚወጣው ጨው ጋር እኩል ነው፣ የሚገባው ውሃም ከሚወጣውና በትነት ከሚጠፋው ድምር ጋር እኩል ነው። ለሜዲትራኒያን እንሞክረው። ስፋቱ 2.5 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዝናብና ወንዝ ከተቀነሰ በኋላ በዓመት የሚያጣው ውሃ 0.6 ሜትር ቢሆን በሰከንድ 47,500 ሜትር ኩብ ይሆናል። የሚገባው ውሃ ጨዋማነት በኪሎ ግራም 36.2 ግራም፣ የሚወጣው 38.4 ግራም ከሆነ፣ የሚወጣው በሰከንድ 780,000፣ የሚገባው ደግሞ 830,000 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። በወሽመጡ ላይ የቆሙ መለኪያዎች የሚሰጡትም ከዚህ ብዙ የማይርቅ ነው። መለኪያዎችዎ የዚህን እጥፍ ካሳዩ፣ ከውሃው ይልቅ መለኪያዎቹን ይጠርጥሩ።

በጥልቁ ደግሞ ውሃው በራሱ የሚሸከመው ምልክት አለ። የሜዲትራኒያን ምሥራቃዊ ክፍል ጥልቅ ውሃ ምንጩ የአድርያቲክ ባሕር ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር፤ በ1987 የተደረገው ልኬትም ይህንኑ አሳየ። በ1995 መርከብ ተመልሳ ሙቀቱን፣ ጨዋማነቱንና ከፋብሪካ ወጥተው በውሃው የሟሙ የክሎሮፍሎሮካርቦን ጋዞችን ስትለካ፣ ወለሉ ከኤጅያን ባሕር በመጣ፣ ከቀድሞው በበለጠ ጨዋማና ከባድ በሆነ ውሃ ተሸፍኖ ተገኘ። በስምንት ዓመት ውስጥ የገንዳው ምንጭ ተለውጦ ነበር። በ1987 በአድርያቲክ መውጫ ላይ አንድ ገመድ አቁሞ ለገንዳው ሁሉ የፈረደ ሰው፣ መሣሪያው እንከን ባይኖረውም ፍርዱ ለ1995 አይሠራም።

ጥያቄ፦ የጥቁር ባሕር ታችኛው ውሃ ኦክስጅን እንደሌለው አንብቤያለሁ። የሞተና የቆመ ውሃ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ኦክስጅን የለውም ማለት ቆሟል ማለት አይደለም። ከ150 እስከ 200 ሜትር ከሚሆነው ጥልቀት በታች ኦክስጅን የሌለው፣ ከላይ ያለው ጨዋማነቱ ዝቅተኛ የሆነ ውሃ እንደ ክዳን ስለሚከለክል፣ በቦስፎረስ ሥር የሚገባው ጨዋማ ውሃም ትንሽ ስለሆነ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተለቀቁ ተንሳፋፊዎች ግን በ1,500 ሜትር አካባቢ በሰከንድ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ጅረት አግኝተዋል፤ ከወለሉ አጠገብ ያለው ብዙ መቶ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍም ከምድር በሚወጣው ሙቀት ቀስ ብሎ ይታመሳል። በዚያ ለመለካት የሚሻ ሰው ሁለት ችግር ይጠብቀዋል። ኦክስጅን በሌለው በዚህ ውሃ ውስጥ የሟሟው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ መዳብ ያለበትን ብረት ይበላል፤ እንስሳት ስለማይኖሩም የዶፕለር መሣሪያው ድምፁን የሚመልስለት ብናኝ ያጥራል። ተንሳፋፊዎቹ እዚያ ከሌላው ባሕር ይልቅ የሚፈለጉት በዚህ ምክንያት ነው።